ሳሃጉን፣ የናዋ ሽማግሌዎችና የፍሎረንስ ኮዴክስ፦ መጽሐፉ የማን ነው?

የብራና ልጅ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ዛሬ ስለ አንድ መነኩሴና ስለ አንድ መጽሐፍ ልጽፍላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መነኩሴው በርናርዲኖ ደ ሳሃጉን ይባላል። ስፔናዊ ነው፣ ፍራንሲስካን የሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር አባል። ሳላማንካ ተምሮ በ1529 ሜክሲኮ ገባ። የስፔኑ ጦር መሪ ኮርቴዝ የአዝቴኮችን ከተማ ቴኖችቲትላንን ከያዘ ገና 8 ዓመቱ ነበር። ሳሃጉን ከዚያ ወዲያ አገሩን አላየም። በ1590፣ ዕድሜው ወደ 90 ተጠግቶ፣ እዚያው ሜክሲኮ አረፈ።

በመሐል ምን ሠራ? የአገሬው ሕዝብ ናዋ ይባላል፣ አዝቴኮችም ከእነሱ ናቸው። ቋንቋቸውን ናዋትልን አብጠርጥሮ ተማረ። ከዚያ ስለ አማልክታቸው፣ ስለ በዓላቸው፣ ስለ ንጉሦቻቸው፣ ስለ ነጋዴው፣ ስለ አዋላጇ፣ ስለ ወፉና ስለ ቅጠሉ ሳይቀር 12 መጻሕፍት አዘጋጀ። የተሟላው ቅጂ ዛሬ ያለው ጣሊያን ነው፣ ፍሎረንስ ውስጥ በላውሬንሲያና ቤተ መጻሕፍት። ስሙም ከዚያ መጣ፤ የፍሎረንስ ኮዴክስ ይሉታል፣ ኮዴክስ በእጅ የተጻፈ የድሮ መጽሐፍ ማለት ነው። በ2023 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ያለው የጌቲ ምርምር ተቋም ሙሉውን ከነሥዕሉና ከነትርጉሙ ድረ ገጽ ላይ ለቀቀው። በነፃ ነው።

ገጹን ስትከፍቱ ሁለት ዓምድ ታያላችሁ። በቀኝ ናዋትል፣ በግራ ስፓኒሽ። ናዋትሉ ዋናው ነው፣ ስፓኒሹ ትርጉም። ትርጉሙ ብዙ ቦታ ላይ ከዋናው ያጥራል። የተረፈውን ቦታ ሥዕል ሞላው። ወደ 2,500 የሚጠጋ ሥዕል አለ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሁሉም ሰው “የሳሃጉን መጽሐፍ” ይለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የተናገሩት የናዋ ሽማግሌዎች ናቸው። የጻፉት የናዋ ወጣቶች ናቸው። የሳሉት የናዋ ሠዓሊዎች ናቸው። ሳሃጉን ጠየቀ፣ አደራጀ፣ አረመ፣ ተረጎመ። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ሽፋኑ ላይ የአንድ ሰው ስም ብቻ መቅረቱ ልክ አይመስለኝም። እናንተስ?

ተጠራጣሪው፦

ወንድሜ፣ አቀራረብህ ጥሩ ነው። ግን ሰውዬውን በጣም ያለሰለስከው መሰለኝ። ለምን እንደጻፈው ራሱ በመግቢያው ነግሮናል እኮ። ሐኪም በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት ማዘዝ አይችልም፣ ሰባኪም ጣዖት አምልኮውን ሳያውቅ ሊነቅለው አይችልም ይላል። ስለዚህ ለእሱ የሰዎቹ እምነት በሽታ ነው። ጥናቱ ደግሞ ምርመራ።

ሌላም አለ። በ1539 ቴስኮኮ የምትባለው የናዋ ከተማ መስፍን ዶን ካርሎስ በሃይማኖት ክህደት ተከሶ በእሳት ተቃጥሎ ሲገደል፣ በዚያ ችሎት ከአስተርጓሚዎቹ አንዱ ሳሃጉን ነበር። ናዋትል መቻሉ ያኔ ያገለገለው ለዚህ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ሰው “የሕዝብ ባህል ጠባቂ” ሲባል ሆዴን ይቆርጠኛል።

የብራና ልጅ፦

ተጠራጣሪው፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፣ አልከራከርህም። እንዲያውም ልጨምርልህ። መነኮሳቱ ገዳም ውስጥ ያሳደጓቸው የናዋ ልጆች ሌሊት እየወጡ ቤተ ጣዖት ሲያፈርሱና በድብቅ የሚያመልኩትን ሲይዙ እንደነበር ራሱ ሳሃጉን ጽፎታል። ኮርቶበት ነው የጻፈው።

ለዚያ ነው የባለቤትነቱን ጥያቄ ያነሳሁት። መጽሐፉን የእሱ ብቻ ካልነው፣ ያንን ሁሉ ዕውቀት ሊነቅለው ለመጣው ሰው አስረከብነው ማለት ነው። እኔ የምፈልገው ባለቤቶቹን መጥራት ነው።

ሰንበት፦

ክሩን በጉጉት እየተከታተልኩ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፣ ማዋለጃ ክፍል ነው የምሠራው። የብራና ልጅ ያለውን ድረ ገጽ ከፍቼ መጀመሪያ የፈለግሁት ስለ ወሊድ የተጻፈውን ነው። 6ኛው መጽሐፍ ላይ አገኘሁት። እባካችሁ አንብቡት።

ሕፃኑ ሲወለድ አዋላጇ የጦርነት እልልታ ታሰማለች። እናትየዋ ተዋግታ ምርኮኛ ይዛ ተመለሰች ማለት ነው፤ ምርኮኛው ሕፃኑ ነው። በወሊድ የሞተች ሴት ደግሞ በጦር ሜዳ እንደወደቀ ጀግና ትከበራለች። ፀሐይን ከቀትር እስከ መጥለቂያዋ የሚያጅቡት እነዚህ ሴቶች ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ከጠዋት እስከ ቀትር የሚያጅቡት በጦርነት የሞቱት ወንዶች ናቸው። እኩል ለእኩል።

ስንት እናቶች ሲያምጡ ያየሁ ሰው ነኝ። ምጥን ውጊያ ብሎ የጠራ፣ ለሞተችውም የጀግና ክብር የሰጠ ሕዝብ መኖሩን ሳነብ እንባዬ መጣ። ይህን ያወቀውና የተናገረው መነኩሴ ሊሆን አይችልም። ሴቶች ናቸው ይህን ቃል የያዙት። የሴቶቹ ስም ግን የለም።

ጀማሪ፦

ጥያቄ አለኝ። ሳሃጉን እንዴት ነው የጠየቃቸው? አሸናፊው ወገን ሆኖ ተሸናፊውን “አምላክህን ንገረኝ” ሲል ማን እውነቱን ይነግረዋል? እኔ ብሆን የምነግረው አይመስለኝም።

የብራና ልጅ፦

ጀማሪ፣ የጥያቄዎች ሁሉ ራስ ነው የጠየቅከው። ደግነቱ ሳሃጉን አሠራሩን በዝርዝር ጽፎ ትቷል።

በ1558 ገደማ ቴፔፑልኮ ወደምትባል ከተማ ሄደ። መጀመሪያ የጥያቄ ዝርዝር አዘጋጀ። ከዚያ የከተማውን ገዥና ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ዐዋቂ ሰዎች ስጡኝ አላቸው። እነሱም እንመካከር ብለው ሄዱ። በማግሥቱ መጥተው 10 ወይም 12 የሚሆኑ የከበሩ ሽማግሌዎችን መረጡለት። ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በየዕለቱ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሲነጋገር ቆየ።

አብረውት 4 ወጣቶች ነበሩ። እነዚህ ተማሪዎቹ ናቸው። በ1536 ትላቴሎልኮ ላይ ለናዋ መኳንንት ልጆች የሳንታ ክሩስ ኮሌጅ ተከፍቶ ነበር፣ ሳሃጉን እዚያ ላቲን አስተምሯል። ብዙ ስፔናውያን እነዚህ ሰዎች ላቲን አይገባቸውም ብለው ያላግጡ ነበር። በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ልጆቹ ላቲን እያነበቡ፣ እየጻፉ፣ እየተናገሩ አሳዩአቸው።

ቴፔፑልኮ ላይ ሽማግሌዎቹ መልሱን በሥዕል ሰጡት። የጥንት ጽሕፈታቸው እሱ ነበርና። ወጣቶቹ ከሥዕሉ ግርጌ የሽማግሌዎቹን ማብራሪያ በናዋትል፣ በላቲን ፊደል ጻፉ።

ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ትላቴሎልኮ ሄደ። እዚያም 8 ወይም 10 ሽማግሌዎች ተመረጡ። ከአንድ ዓመት በላይ ኮሌጁ ውስጥ ዘግተው የቴፔፑልኮውን ሥራ መረመሩ፣ አረሙ፣ ጨመሩበት። በመጨረሻ ሜክሲኮ ከተማ፣ የሳን ፍራንሲስኮ ገዳም ገብቶ ሦስት ዓመት ብቻውን እያገላበጠ በ12 መጻሕፍት ከፋፈለው። እዚያም የከተማው ናዋዎች አይተው አረሙት። ሳሃጉን ራሱ ሥራዬ በሦስት ወንፊት ተነፋ ይላል።

እውነቱን ነገሩት ወይ ላልከው፣ ሁሉንም አልነገሩትም ይሆናል። ግን ሦስት ከተማ ያሉ ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን እያረመ ነው የሠሩት። መልሱን የሚጽፉትም የራሳቸው ልጆች ናቸው። በስፔናዊ ጸሐፊ ፊት እንደመቆም አይደለም።

የወጣቶቹን ስም ልጻፍላችሁ፣ ሳሃጉን ስለመዘገባቸው። አንቶኒዮ ቫሌሪያኖ ከአስካፖትሳልኮ፤ ከሁሉም ዋናውና ዐዋቂው እሱ ነው ይላል። አሎንሶ ቬጌራኖ ከኳውቲትላን። ማርቲን ሃኮቢታ ከትላቴሎልኮ። ፔድሮ ደ ሳን ብዌናቬንቱራ፣ እሱም ከኳውቲትላን። አራቱም ላቲን፣ ስፓኒሽና ናዋትል ጠንቅቀው ያውቃሉ። ቁም ጸሐፊዎቹም አሉ፦ ዲዬጎ ደ ግራዶ፣ ቦኒፋሲዮ ማክሲሚሊያኖ፣ ማቴዎ ሴቬሪኖ። ቫሌሪያኖ ኋላ የሜክሲኮ ከተማ ናዋዎች አስተዳዳሪ ሆኖ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቷል።

ከመርካቶ፦

እኔ ስለ ሃይማኖቱ አላውቅም። የገበያውን ክፍል አንብቤ ግን ተደመምኩ። 10ኛው መጽሐፍ ላይ እያንዳንዱ ሻጭ “ጥሩው” እና “መጥፎው” ተብሎ ተገልጿል። ካካዎ በዚያ ዘመን መጠጥም ገንዘብም ነው። መጥፎው የካካዎ ነጋዴ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? የፍሬውን ቆዳ ባዶ አድርጎ ውስጡን በሊጥ፣ በሰም፣ በአቮካዶ ፍሬ ፍርፋሪ ይሞላዋል። ከዚያ ደባልቆ ይሸጠዋል።

በርበሬ ውስጥ ጡብ ፈጭቶ፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ ለውሶ የሚሸጠውን የምናውቅ ሰዎች ይህ አያስደንቀንም። ይህን የተናገረው ሰው ገበያ ውሎ የገባ ሰው ነው። በቃ፣ ተጭበርብሮ የተናደደ ሰው ድምፅ ነው የሰማሁት።

መሪጌታው፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ሳሃጉን በሞተ በ3 ዓመቱ፣ በ1593፣ የእኛው አባ ባሕርይ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ በግዕዝ ጽፈዋል። የገዳን ሥርዓት፣ የየሉባውን ስምና ዘመቻ በተራ አስቀምጠዋል። እሳቸውም መነኩሴ ናቸው። የሌላውን ሕዝብ ሥርዓት ለማወቅ የተጉ የቤተ ክርስቲያን ሰው ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

የብራና ልጅ፦

መሪጌታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ያነሱት በጣም ተገቢ ነው። ብቻ አንድ ልዩነት ይታየኛል። አባ ባሕርይ የሚጽፉት ከተጎዳው ወገን ሆነው ነው፤ አገራቸው ጋሞ ተወርሯል። እኛ ብዙ ሆነን ሳለ እነሱ እንዴት አሸነፉን ብለው ይጠይቃሉ፣ መልሱንም በራሳችን ማኅበረሰብ ውስጥ ይፈልጉታል። ከአሥር ወገን የሚዋጋው አንዱ ብቻ ነው ይላሉ። ሳሃጉን ግን ከአሸናፊው ወገን ነው። ሁለተኛ፣ በአባ ባሕርይ ጽሑፍ ውስጥ ኦሮሞው ራሱ “እኔ” ብሎ አይናገርም። በሳሃጉን ዘንድ ናዋው በገዛ ቋንቋው ይናገራል። ለእኔ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው።

መሪጌታው፦

ልጄ፣ ልክ ብለሃል። ዝምድናቸው ግን በዘመንና በትጋት ነው፣ ያንን አትጣለው።

ተጠራጣሪው፦

በገዛ ቋንቋው ይናገራል ካልክ 12ኛውን መጽሐፍ እንይ። የወረራው ታሪክ ነው። የአዝቴኮቹ ንጉሥ የሞክቴዙማ መልእክተኞች ለስፔናውያኑ ወርቅ ሲሰጧቸው ናዋትሉ ምን ይላል? እንደ ዝንጀሮ ወርቁን እያነሱ ያገላብጡ ነበር፣ እንደ ተራበ አሳማ ተመኙት። ስፓኒሹን ዓምድ ስታይ ግን ያ ጠንካራ ቃል ለዝቧል። በዚህም አላበቃም። በ1585 ሳሃጉን ይህንኑ መጽሐፍ እንደገና ጽፎ ለስፔናውያኑ ይበልጥ እንዲያደላ አድርጎታል። ታዲያ የማንን ድምፅ ነው የጠበቀው?

የብራና ልጅ፦

ጥሩ ምሳሌ ነው ያመጣኸው። ግን ራስህ እንዳልከው ናዋትሉን አልነካውም። ከሚስቱ፣ ከልጁ፣ ከከተማው የተነጠቀ ሰው የተናገረውን፣ የሚያስከፋ ቢሆንም፣ ከጎኑ አስቀመጠው። ለዚህ ነው ሁለቱን ዓምድ አንድ ላይ ማንበብ ያለብን። ሲለያዩ የምናየው ነገር ብዙ ነው።

ሌላ ቦታ ላሳይህ። 10ኛው መጽሐፍ ውስጥ ናዋትሉ የሰውን የሰውነት ክፍሎች ሲዘረዝር፣ ሳሃጉን በስፓኒሹ በኩል ትርጉሙን ትቶ የራሱን ሐሳብ ጻፈ። የድሮ ሥርዓታቸውን አፍርሰን በምትኩ የሰጠናቸው አልሠራም የሚል ነው ነገሩ። ልጆቹን አጥብቆ የሚያሳድገው የቀድሞው አስተዳደግ ቀርቶ ስንፍናና ስካር እንደበዛ ያዝናል። ያን ሁሉ ዓመት ከለፋ በኋላ ይህን መጻፍ ለአንድ ሰባኪ ቀላል አይደለም።

ሰንበት፦

12ኛው መጽሐፍ ከተነሳ የፈንጣጣውን ምዕራፍ አትዝለሉ። በ1520 የገባው ነው። ሰው ፊቱ፣ ራሱ፣ ደረቱ በቁስል ተሸፈነ። መራመድ አልቻለም፣ በጎኑ መገልበጥ አልቻለም፣ ቀና ማለት አልቻለም። ሲነካኩት ይጮኻል። ብዙ ሰው ደግሞ የሞተው በረሃብ ነው፤ የሚያስታምም ስለጠፋ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በሕክምና ዓይን በጣም ትክክል ነው። ቤተሰብ በሙሉ አንድ ላይ ሲወድቅ ውሃ የሚያቀብል አይኖርም፣ በበሽታው የማይሞተውም ይሞታል። ይህን የተናገረው ሰው አልጋው አጠገብ የነበረ ነው።

የብራና ልጅ፦

ልክ ነሽ ሰንበት። ወረርሽኙም በዚያ አልቆመም። በ1545 ሌላ መጣ። ሳሃጉን ትላቴሎልኮ ላይ ከ10,000 በላይ ሬሳ ቀበርኩ ይላል፣ በመጨረሻ ራሱም ታሞ ለሞት ደርሶ ነበር። በ1576 እንደገና መጣ። ያኔ ነው ይህ የምናነበው ቅጂ እየተጻፈ የነበረው። ሥዕሎቹን በተርታ ብታዩ ወደ መጨረሻው ቀለም ይጠፋል፣ በጥቁር ብቻ የተሳሉ ይበዛሉ። አጥኚዎች ከዚያ ወረርሽኝ ጋር ያያይዙታል። ከተማው እየሞተ ሠዓሊዎቹ ቁጭ ብለው መሳላቸውን አላቆሙም። እኔ ስለነሱ ሳስብ ቃል ያጥረኛል።

ጀማሪ፦

ታዲያ መጽሐፉ እንዴት ፍሎረንስ ደረሰ? ሜክሲኮ ለምን የለም?

የብራና ልጅ፦

ሳሃጉንን ብዙ ያሰቃየው የራሱ ወገን ነው። በ1570 የማኅበሩ የበላይ ድህነትን ለማለ መነኩሴ ለጸሐፊ ገንዘብ ማውጣት አይገባም ብሎ ክፍያውን አቋረጠበት። ራስህ ጻፍ ተባለ። ዕድሜው 70 አልፏል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መጻፍ አይችልም። ወረቀቶቹም ተወስደው በየገዳሙ ተበተኑ። ሥራው ከ5 ዓመት በላይ ቆመ።

በ1575 ሮድሪጎ ደ ሴኬራ የሚባል አዲስ አለቃ መጣ። ወደደው፣ በሁለት ዓምድ እንዲጻፍ አዘዘ። ሥራው ሊያልቅ ሲል በ1577 ከንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ ትእዛዝ ደረሰ። የሳሃጉን መጻሕፍት በሙሉ ተሰብስበው ይላኩ፣ አንድም ቅጂ አይቅር፣ ከእንግዲህ ስለ ሕዝቡ እምነትና አኗኗር ማንም በምንም ቋንቋ እንዳይጽፍ። ሴኬራ በ1580 ቅጂውን ይዞ ወደ ስፔን ሄደ። ከዚያ የፍሎረንስ ገዥዎች በነበሩት በሜዲቺ ቤተሰብ እጅ ገባ፣ እዚያው ቀረ። ሳሃጉን በሕይወቱ ሳለ የታተመለት ሥራ በናዋትል ያዘጋጀው የመዝሙር መጽሐፍ ብቻ ነው፣ በ1583።

ተጠራጣሪው፦

ይህን የንጉሡን ትእዛዝ በዝርዝር አላውቀውም ነበር። እንግዲህ ቅኝ ገዥው መንግሥት ራሱ ፈርቶታል ማለት ነው። ማያ የሚባለው ሌላ ሕዝብ በሚኖርበት በዩካታን ከሠራው ከዲዬጎ ደ ላንዳ ጋር ሳወዳድረው ሳሃጉን እንደሚሻል አምናለሁ። ላንዳም ፍራንሲስካን ነው። በ1562 ማኒ ላይ የማያዎችን መጻሕፍት አቃጠለ፣ ሰዎቹ በዚያ በጣም እንዳዘኑ ራሱ ጻፈ። ከዚያ ዞሮ ስለ ማያዎች ባህል መጽሐፍ አዘጋጀ። የማያን ፊደል አስመስሎ ያስቀመጠው ገጽ ከ390 ዓመት ገደማ በኋላ ለሶቭየቱ ምሁር ክኖሮዞቭ ጽሕፈታቸውን ለመፍታት ቁልፍ ሆነው። ያቃጠለውም ያተረፈውም አንድ እጅ ነው። እዚያም አጠገቡ የነበሩትን የማያ ሰዎች የሚጠራቸው ጥቂት ሰው ነው።

ስለዚህ በባለቤትነቱ ጥያቄ ከአንተ ጋር ነኝ። ሳሃጉንን ግን አላመሰግነውም። ሽማግሌዎቹን አመሰግናለሁ።

ከኒውዮርክ፦

ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ ነው። ሬስቶራንት ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ከሜክሲኮ የመጣ የፑዌብላ ሰው አለ። አያቱ ጋር ስልክ ሲያወራ ስፓኒሽ አይደለም። ምን ቋንቋ ነው ስለው “ሜሂካኖ” አለኝ። ናዋትል ማለቱ ነው፣ እነሱ እንደዚያ ይሉታል። ዛሬም ሜክሲኮ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ተናጋሪ አለው። ይህን ክር ካነበብኩ በኋላ በእረፍት ሰዓት ኮዴክሱን ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየሁት። የበቆሎ ሥዕሎቹን አይቶ ስማቸውን ጠራልኝ። የድሮው ጽሑፍ ሁሉ አልገባውም፣ የገባውን ግን ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ “ይህን የጻፉት የእኛ ሰዎች ናቸው?” አዎ አልኩት፣ የብራና ልጅ የጻፋቸውን ስሞች አነበብኩለት። ቫሌሪያኖን ደግመህ በል አለኝ።

ጀማሪ፦

ልጀምር ነው። 12 መጽሐፍ አስፈራኝ ግን። ከየት ልነሳ?

የብራና ልጅ፦

ከ1ኛው አትነሳ፣ የአማልክት ዝርዝር ያሰለችሃል። ከመርካቶ እንዳለው ከ10ኛው ገበያ ግባ። ከዚያ 11ኛው፣ የእንስሳቱና የዕፀዋቱ። ሃሚንግበርድ የሚሏትን ትንሽ ወፍ ፈልግ። በበጋ አፏን ዛፍ ላይ ሰክታ ተንጠልጥላ ትደርቃለች፣ ላባዋ ይረግፋል፣ ዝናብ ሲመጣና ሲያጓራ እንደገና ትነቃለች ብለው ያምኑ ነበር። 6ኛውን፣ የአባትና የእናት ምክሮቹን፣ ሰፋ ያለ ጊዜ ስጠው። 12ኛውን በመጨረሻ። ሁልጊዜ የቀኙን ዓምድ ትርጉም አስቀድም፣ የግራውን ቀጥለህ እይ።

ከኒውዮርክ፣ የፑዌብላውን ወንድም ሰላም በልልኝ። አያቱ 6ኛው መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ምክሮች የምታውቀው ካለ ጠይቀውና እዚሁ ጻፍልን።